ጥላ ነው የምትለመልመው

ተረት ልጀምር ነው፤ «የላም በረት» በሉኝ። ላም የሌለው «የዓሣ ቤት» ይበለኝ፤ የዛሬው ተረት የዓሣ ነውና አልቀየምም። ብቻ ጆሯችሁን ከፈት አድርጉ። አንዲት ቃል በጆሮ ገብታ አንድ ቤት ሙሉ እንዴት እንዳመሰች ነው የማወራችሁ።

በድሮ ጊዜ፣ ዕቃ ከሰው ጋር በሚማከርበት ዘመን፣ ከአንድ ምንጭ ራስጌ ባለች መንደር ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የምትባል ሴት ነበረች። ሦስት ወንዝ ተሻግራ በሙሽርነት የመጣች ናት። ያኔ ልጅ ነበረች፤ ተረቱ ሲጀምር ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጠላዋም በአገሩ ተመስግኗል። ያንን ጠላ ሃያ ዓመት ሙሉ የጠመቀችው በአንዲት ትልቅ ጋን ነው። ጋኗንም እመት ጋኒት ይሏታል።

እመት ጋኒት ሆዷ ሰፊ ነው፤ ኩራቷም እንደ ሆዷ ነበር። ሠርግ ቢሆን እሷ፣ ተዝካር ቢሆን እሷ። አንድ ቀን ግን ሲያጥቧት አፏ ተሸረፈ። አፉ የተሸረፈ ጋን ጠላ አይከደንበትም። ስለዚህ ከጓዳ አውጥተው ተዘግቶ ከሚውለው መስኮት አጠገብ፣ ጨለም ካለው ጥግ አስቀመጧት። እንዳትንገዳገድም ከምንጩ አንድ ጠጠር አምጥተው ከሥሯ አስገቡላት። ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል ሰምታችሁ የለ? ያ ጠጠር ይኸው ነው። እመት ጋኒት ግን አንድ ቀን እንኳ «እንደምን አደርክ?» ብላው አታውቅም።

ዐቢይ ጾም ተጋምሶ ነበር። ዘርፈሽዋል ከምንጭ የቀዳችውን ውኃ ስትገለብጥ፣ አንዲት ጣት የምታህል ዓሣ ዱብ አለች።

«ውይ! ነፍስ ይዤ መጣሁ!» አለች ዘርፈሽዋል። ወደ ምንጩ እንዳትመልሳት ምንጩ በበጋው ደርቆ ጭላጭ ቀርቶታል። ግራ ቀኝ አየችና ዓሢትን ከነውኃው እመት ጋኒት ሆድ ውስጥ አፈሰሰቻት።

«ስሚኝ ጋኒት፤ ክረምት እስኪገባ አንቺ ዘንድ ትቆይ። ግን ለፋሲካ ቤቴን ላሰናዳ ነው፤ የሚገማ ቤት አልወድም። ውኃሽ የሸተተ ቀን ዓሣይቱን ለድመት፣ አንቺንም ሰብሬ ለእሳት መጫሪያ ገል ነው የማደርግሽ።»

ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ድመቷም ይህን ሰምታ ከምድጃው ወደ ጋኑ ጠጋ ብላ ተኛች።

ዓሢት አንድ ጊዜ ዞረች፣ ሁለት ጊዜ ዞረች፣ ሦስት ጊዜ ዞረች። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ ቡልቅ አለች።

«እመቤቴ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። እዚህ ቅጠል የለም፣ ሥር የለም፣ መደበቂያም የለም። ቅጠል የሌለበት ውኃ ቶሎ ይሸታል።»

«ልጄ፣ እኔ የጠላ ጋን ነኝ፤ ስለ አትክልት ምን አውቃለሁ? የጌታ ቤት ጋን አይደለሁ፣ ማን አትክልት ይገዛልኛል? ደግሞስ በዚህ ጨለማ ምን ይበቅላል? ኧረ ግራ ገባኝ፤ ቀኙም ጠፋኝ!»

ይህን ጊዜ ወሬ የማያመልጣት እመት እንቁራሪት በመስኮቱ ስንጥቅ ዘው አለች። «ለዚህ ነው የምትጨነቂው? የተጣለና የማንም ያልሆነ ሞልቶ!» ብላ ወደ ምንጩ ወረደች። መጀመሪያ በአፏ ሙሉ ጭቃ አመጣች፤ ከታች አነጠፈችው። ቀጥላ አሸዋ አመጣች፤ ጭቃው እንዳይደፈርስ ከላይ አለበሰችው። በሦስተኛው ፀሐይ አይታት ከማታውቅ ቋጥኝ ሥር አንዲት የውኃ ተክል ከነሥሯ ነቅላ አመጣች፤ ሦስት ሰፋፊ ቅጠል ነበራት። ቅጠሊት አሏት፤ አሸዋው ውስጥ ተተከለች። እንግዳ ናትና አፏን አልከፈተችም።

ሲነጋ የቅጠሊት ጫፍ ቢጫ ሆኖ ታየ። እመት ጋኒት ደነገጠች። «እባክሽ እንቁራሪት፣ ያ ዕድሜው የማይታወቅ አባ ኤሊ ምን ይላል? ሄደሽ ጠይቂልኝ።»

እንቁራሪት ሄደች። እየዘለለች ተመለሰች።

«ጠየቅሁት። ሲያስብ ሲያስብ ቆየ። ከዚያ ‹ጥላ ነው የምትለመልመው› አለና አንገቱን አስገባ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማን ያወጣዋል?»

እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው። «ጥላ ነው የምትለመልመው።» እመት ጋኒት ቃሉን ወደ ላይ አለችው፣ ወደ ታች አለችው። ጥላ። የምን ጥላ? የማን ጥላ? ሽማግሌው ጥርስ የለውም፤ ከቃሉ ፊት አንድ ፊደል ውጦ ይሆን? አይ፣ ቃሉ ሙሉ ይሆን?

ከግድግዳው ላይ፣ ከችንካሩ የተንጠለጠለው የሰሌን ጥላ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመት ጋኒት፣ በዚህ ቤት ጥላ የሚባል ከእኔ ሌላ ማን አለ? ስንት ወይዘሮ ከፀሐይ ያዳንኩ ነኝ። ሽማግሌው ስሜን ጠርቶ እያዘዘሽ ምን ታስቢያለሽ?»

«እውነትህን ነው!» አለች እመት ጋኒት።

ከሥሯ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። «እመት ጋኒት፣ እኔ እኮ ያችን ቅጠል...» አለ ጠጠሩ።

«አንተ ዝም ብለህ ደግፍ!»

የሰሌኑ ጥላ ከችንካሩ ተወርውሮ አፏ ላይ ድፍት አለ። አንድ ቀን ሆነ፣ ሁለት ቀን ሆነ፣ ሦስት ቀን ሆነ። ውስጡ ዓይን ቢወጉ አይታይም። በሦስተኛው ቀን የቅጠሊት አንዱ ቅጠል ሟሙቶ ወደቀ።

«እመቤቴ፣ ትንፋሽ አጠረኝ» አለች ዓሢት።

እመት ጋኒት ተንገዳግዳ ጥላውን ከላይዋ አሽቀነጠረችው። እሱ ግን ወለሉ ላይ ተገልብጦም አላፈረም። «ቀኑ አንሶኝ ነው እንጂ አለምልማት ነበር» ይላል። ጥላ ሲባል እንዲህ ነው፤ ወድቆም ይዘረጋል።

«ግራ ገባኝ፤ ቀኙም ጠፋኝ!» አለች እመት ጋኒት።

በመስኮቱ ስንጥቅ የጠዋት ጮራ አጮልቃ ታይ ነበር። «እህቴ፣ ጥላ ማን ናት? የእኔ ልጅ አይደለችም? እኔ ካልወጣሁ ጥላ ከየት ትወለዳለች? ልጂቱን የፈለገ እናቲቱን ያስገባ።»

እመት ጋኒት ነገሩን አሰበችው፤ ያስኬዳል። ፀሐይ ከሌለች ጥላ የለም። እንዴት እስከ ዛሬ ሳላውቀው ብላ በራሷ ተናደደች።

«እመት ጋኒት፣ እኔ እኮ ያችን ቅጠል...»

«አንተ ዝም ብለህ ደግፍ አላልኩህም?»

ነፋስን ለመነችው፤ ነፋስም መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው። ጮራ ሰተት ብላ ገባች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። በሦስተኛው ቀን እመት ጋኒት ከአፏ እስከ ሆዷ አረንጓዴ ሆነች። ደስታዋን አልቻለችውም። «ለመለምኩ! ኑ እዩኝ፣ ለመለምኩ!»

«እመቤቴ፣ ይህ ልምላሜ አይደለም፤ ንፍጥ ነው» አለች ዓሢት። እውነትም ውኃው ዝልግልግ ለብሶ፣ ዓሢት ጅራቷን ማዞር አቅቷት ነበር። የቅጠሊትም ሁለተኛ ቅጠል በዝልግልጉ ታንቆ ወደቀ። «ትንፋሽ አጠረኝ፣ እመቤቴ።»

ምስኪን እመት ጋኒት አሁንስ ማንን ትመን? ጥላው ዋሸ፣ ጮራዋ ዋሸች። ዋሽተውም እንዳይሆን፣ ሁለቱም ያሉት እውነት ይመስላል። ፋሲካ ደግሞ እየቀረበ ነው፤ ድመቷም ከጥጉ አልተነሳችም።

ከመደቡ ላይ አንዲት ምንቸት ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታለች። ሆዷ ውስጥ ከማኅበር ጠላ የተረፈ አተላ ነበረባት፤ ልቧ ውስጥም ቅናት። ጋኒት ከተሰበረች ያ ጥግ ለማን ሊሆን ነው? ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ የሚባለው ቀን እንዲመጣ ዕለት በዕለት ትጸልያለች።

«እታለም ጋኒት፣» አለች ድምፅዋን አለስልሳ፣ «እንቁራሪት እኮ አፏ ሰፊ ነው፣ ፊደል አይቆምላትም። ኤሊው ‹ጥላ› አላለም፤ ‹ጠላ› ነው ያለው! ጠላ ነው የምትለመልመው! ሃያ ዓመት የጠላ ጋን ሆነሽ ይህ ይጠፋሻል?»

ጠላ! ያችን ቃል ስትሰማ እመት ጋኒት ሆዷ ባባ። ሠርጉ ትዝ አላት፣ «የማን ጠላ ነው?» የሚለው ሰው ትዝ አላት። ዋንጫ ይዘው ዙሪያዋን የከበቧት ሁሉ ትዝ አሏት። ጠላ ከሆነማ እሷ የማታውቀው ነገር የለም።

«እመት ጋኒት፣ እኔ እኮ...»

«ደግፍ!»

ምንቸት ዘንበል አለችና አተላዋን ዥው አድርጋ ለቀቀችው። አንድ ቀን ውኃው ደፈረሰ። ሁለተኛው ቀን ኮመጠጠ። በሦስተኛው ቀን ዝንብ መጣ። የቅጠሊት የመጨረሻዋ ቅጠል ወደቀች፤ አሸዋው ላይ አንዲት ራቁት ሥር ብቻ ቀረች። ዓሢት በጎኗ ተጋድማ ወደ ላይ ወጣች።

«እመቤቴ፣ ትንፋሽ...» አለች፤ አልጨረሰችውም።

ሸክላ ሲያለቅስ በጎኑ ያልበዋል። እመት ጋኒት ያን ዕለት ዙሪያዋን አላባት። ለራሷ ፈራች፤ ከራሷ ይልቅ ግን ለዚያች ጣት ለምታህል ነፍስ አዘነች። የምትጠይቀው ሰው አለቀባት። ወደ ላይ የምታየው ሲያልቅ ወደ ታች አየች።

«አያ ጠጠር፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ግራ ገባኝ። ምን ልትለኝ ነበር?»

ጠጠሩ ቅር ብሎት ነበር፤ ጠጠርም ቅር ይለዋል። ከዚያ ግን እንዲህ አላት፦

«ከዚያች ቅጠል ጎን ሰባት ክረምት ኖሬአለሁ። ጎርፍ ዘመዶቿን ነቅሎ ሌላ ቦታ ሲጥላቸው አይቻለሁ። አዲስ ቦታ የደረሱ ጊዜ መጀመሪያ ቅጠላቸውን ይጥላሉ። የድሮው ቅጠል የሚያውቀው የድሮውን ውኃ ነዋ! ራቁታቸውን ይሰነብታሉ፤ ያያቸው ሁሉ ሞቱ ይላል። እነሱ ግን ከሥር አዲስ ያወጣሉ። አባ ኤሊ ስለ ሰሌን አላወራም፣ ስለ ፀሐይም፣ ስለ ጠላም። ‹ጥላ ነው የምትለመልመው› ነው ያለው። ጥላ!»

«ጥላ?»

«አዎ፣ ጥላ።»

«ጥላ ማለት... ጥላ?»

«ኤዲያ! ቅጠሏን ጥላ! አራግፋ! ወርውራ! ከዚያ ነው የምትለመልመው!»

እመት ጋኒትን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያሳበዳት ቃል ፍቺው ከሥሯ ተቀምጦ ነበር።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ለቅጠሊትስ ምንም። እሷን መጠበቅ ነው። ከቋጥኝ ሥር የኖረች ናት፤ ትንሽ ብርሃን ይበቃታል፤ ጨለማም እሳትም አትሻም። ይህ የኮመጠጠ ውኃ ግን ካደረ ሥሯንም ዓሢትንም ይገድላል። እኔ ትንሽ ልንሸራተት፤ አንቺ በተሸረፈው በኩል ዘንበል በይና ግማሹን ድፊው።»

«ብሰበርስ?»

«ልትሰበሪ ትችያለሽ። አልዋሽሽም።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ያልዋሻት እሱ ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ገባት። «ተንሸራተት» አለችው።

ጠጠሩ ተንሸራተተ። እመት ጋኒት ዘነበለች፤ ሆዷ ሲጥ አለ። ከጠላ ቤት ያስወጣት ያ ሽራፊ፣ ያ የምታፍርበት ሽራፊ፣ ጥሩ ማፍሰሻ ሆኖ ክፉው ውኃ በእሱ በኩል ወረደ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ጠጠሩ ተመልሶ ገጭ ብሎ ያዛት። ውጭ የበልግ ዝናብ መጣል ጀምሮ ነበር። ጣሪያው ያፈስ ነበርና ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ ንጹሕ ውኃ አፏ ውስጥ ገባ። ለዚህም የከፈለችው ነገር የለም። ዓሢት አንድ ጊዜ ክንፏን አንቀሳቀሰች።

ግን ሽታው ቤቱን ሞልቶት ነበር። ዘርፈሽዋል ለልቅለቃ ያዘጋጀችውን እበት ጥላ፣ አፍንጫዋን ይዛ ገባች። ድመቷ ጅራቷን አቁማ ተከተለቻት።

«ኤጭ! ይህ ነው እንግዲህ! ነግሬሽ አልነበረም ጋኒት?» እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ከተተችና ራቁቷን ሥር መዝዛ አወጣቻት። «ይቺ ደግሞ ሞታ ኖሯል! ለሞተች ቅጠል ነው ቤቴን ያስገማችሁት?» ሥሪቱን በመስኮት ልትወረውር እጇን አነሳች።

«እሜቴ!» ብላ ጮኸች እመት ጋኒት። «እባክዎ! ጥላ ነው የምትለመልመው!»

የዘርፈሽዋል እጅ አየር ላይ ቆመ።

«ማን?» አለች።

እመት ጋኒት ደግሞ ግራ ገባት። እስከዚያ ሁሉም የሚያወራው ጥላ ምን እንደሆነ ነበር፤ «የምትለመልመው ማን ናት?» ያለ አልነበረም። ዘርፈሽዋል መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ሥሪቱን አልለቀቀቻትም።

«የእኔን ነገር ማን ነገረሽ ጋኒት? አንቺ ያኔ አልተሠራሽም። እናቴን ጥዬ፣ አገሬን ጥዬ እዚህ ቤት ስገባ ሦስት ወር አልበላሁም፣ አልተናገርኩም። ፀጉሬ ሳይቀር ረገፈ። አማቴ ‹ይቺ ልጅ አትበጅም፤ ሳትሞትብን ወደ እናቷ መልሷት› አሉ። በቅሎ ተጫነልኝ። የዚያን ዕለት ዝናብ ጣለና ወንዙ ሞላ። ወንዙ እስኪጎድል ሲጠብቁ እኔ እህል ቀመስኩ። አንድ ቀን ደግሞ ሳቅሁ። ያ ወንዝ ባይሞላ ኖሮ...»

አልጨረሰችውም፤ እንባዋ ቀደማት። ጣሪያው ጠብ፣ ጠብ ይላል። በአውራ ጣቷ የሥሪቱን ዝልግልግ ጠረገችው። ከዝልግልጉ በታች ሥሪቱ ነጭና ጠንካራ ነበረች።

ከዚያ ተነሳች። ሥሪቱን ወደ አሸዋው መለሰቻት። የቀረውን ክፉ ውኃ በቅል ቀዳች፣ ዝናቡን ጨመረችበት። መስኮቱን ገርበብ አደረገችው። ሰሌኑን ወደ ችንካሩ፣ ምንቸትን ወደ ደጅ ገልብጣ ሰደደቻቸው። «አንቺም ሂጂ አይጥ ጠብቂ!» አለቻት ድመቷን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። እመት ጋኒት በየጠዋቱ «ለመለመች?» ትላለች። «አልለመለመችም» ትላለች ዓሢት። ሆሳዕና አለፈ፤ አልለመለመችም። ፋሲካ አለፈ፤ አልለመለመችም። በሳምንቱ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ጠዋት፣ ዓሢት ከታች ጮኸች።

«እመቤቴ፣ ትንፋሼ ረዘመ!»

ከሥሪቱ አናት ላይ እንደ መርፌ የተጠቀለለች አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ብላ ነበር። ቅጠሊትም ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች። «ስለጠበቃችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሌላ አልተናገረችም፤ ተፈጥሮዋ ነው።

ክረምት ሲገባ ጋኑ ውስጥ ጫካ ሆነ። እንቁራሪት አንድ ቀንድ አውጣ አምጥታ፣ እሱ የቀረውን ዝልግልግ ላሰው። ምንጩ ሞልቶ ዘርፈሽዋል «ልመልስሽ?» ብትላት ዓሢት ቅጠል መሐል ተደበቀች። ያ ጨለማ ጥግ የመንደሩ መመልከቻ ሆነ። ሰው ሁሉ አንገቱን እያሰገገ ወደ ውስጥ ያያል፤ የጋን መብራት ማለት ይኸው ነው ይላል።

«ዘዴው ምንድን ነው?» ብለው እመት ጋኒትን ይጠይቋታል።

እሷም ሳትደብቅ «ጥላ ነው የምትለመልመው» ትላቸዋለች።

እነሱም «ገባን፣ ገባን» ብለው ይሄዳሉ። አንዷ ቤቷ ገብታ ጋኗን በሰሌን ከደነች። አንዱ መስኮቱን ነቀለ። ሦስተኛው፣ ስሙን አልነግራችሁም፣ ጠላውን ሙሉ ደፋበት። እመት ጋኒት ይህን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ ታች ዝቅ ብላ «እንደምን ዋልክ አያ ጠጠር?» አለች።

እናንተም ቅጠሏ ረገፈ ብላችሁ አትፍረዱ፤ ሥሯን ጠይቁ። ጥላ የመጣችን አትጣሏት።

ተረቴ አለቀ። ጋኑን ክደኑልኝ፤ ጠጠሩን ግን አታንሱ።